የመመለሻ ሰዓት

ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከአምስተኛው ፎቅ ጣራ፣
ልብስ ከሚሰጣበት፣ ከውሃው ሮቶ ጋራ፣
ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወጨጫ ይታያል፤
ከሩቅ ለሚያየው ሰው ተራራ ይቀላል።
የተኛ በሬ ነው ከዚህ ላስተዋለው፤
ሻኛውን ለመንካት ክንድ ነው የሚያጥረው።

እኛ ግን አርብ ማታ በሩን ዘግተን ገባን፣
ጠረጴዛው ላይም ካርታውን ዘረጋን።
ካርታው የአባቴ ነው፣ ከመሥሪያ ቤት የቀረ፣
እጥፋቱ ላይ ሳስቶ በፕላስተር የታሰረ።
ወንዙ ላይ አንዲት የሻይ ጠብታ አርፋለች፣
ናርዶስ «ሐይቅ አገኘሁ» ብላ ትስቃለች።
ከጫፉ ግድም ግን መስመሩ ይጠባል፣
እንደ ተቆጣ ሰው ግንባር ይኮማተራል።
ከዚያ በላይ ዛፍ የለም፤ ጎጆም ዋሻም የለም፤
ከሰው የሚረዝም አንድም ነገር የለም።

ይህን አምና አወቅነው።
ስምንት ሰዓት አልፎ፣ ጥላዬ እየቀደመ፣
«ትንሽ ናት የቀረች» እያለ እየደገመ፣
ደመናው ከበቾ ጠቁሮ ጠቁሮ መጣ፤
የናርዶስ ጸጉሯ ከሻሿ ስር ወጣ፣
አንድ ባንድ ቆመ፤
ድንጋዩ እንደ ቀፎ እምም ብሎ አዜመ።
እንዴት እንደወረድን ዛሬም አላውቀውም፤
ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ ግን አይረሳውም።

ዘንድሮ ወረቀት፤ ዘንድሮ እስክሪብቶ።
መነሻ ዐሥር ሰዓት፣ ዶሮም ሳይጮህ ነቅቶ፤
ዐሥራ አንድ ላይ መኪና፤ ንጋት ላይ ሰበታ፣
ኦቦ ደቻሳ አሉ ከመንገዱ በስተርታ።
ሦስት ሊትር ውሃ ለሰው፤ በሶና ዳቦ ቆሎ፤
ሹራብ፣ ቢሞቅም እንኳ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፤
ባትሪ፣ ፋሻ፣ ፊሽካ፤
ማንም ብቻውን አይቀድም፣ ጉልበት አይለካካ።

«ጥላስ?» ብዬ ጠየቅሁ።
«ጥላማ አይወጣም» አለችኝ ናርዶስ፣
«ብረት ተሸክመን ከመብረቅ ልንዋቀስ?»
ጥላዬም «እኔንም ልትተዉኝ ነው?» አለ፤
ሳቁ ግን ከንፈሩን ሳያልፍ እዚያው ዋለ።

ከታች፣ ከመንገዱ፣ ረዳቱ ይጮሃል፦
«ሜክሲኮ አንድ ሰው! አንድ ሰው!»
አንድ ሰው ጎድሎታል።
በየቀኑ የምሰማው፣ የማልሰማው ቃል
ዛሬ ማታ ለብቻው ጆሮዬን ይቆነጥጣል።

ሁለተኛው ቅጂ ለእትዬ አስካለ ነው፦
ስማችን፣ ስልካችን፣ የመኪናው ታርጋ ያለው።
«ማታ አንድ ሰዓት ድረስ ካልደወልን…» ስንል፣ በር ላይ ቆመው፣
መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ወልወል አድርገው፣
«ለመሆኑ እዚያ ላይ ምን ጥላችሁ ነበር?»
ብለው ለጠፉልን ፍሪጃቸው ላይ፣ ከመብራት ሂሳብ ጋር።

የቀረችው መስመር አንዲት ናት፤ አንዲቷ አመሸች፤
ከስንቁ ከልብሱ ይልቅ እሷ ከበደች።
«ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ የትም ብንሆን፣
ጫፉ ዐሥር እርምጃ ቀርቶት ቢለምነን፣
ጀርባ እንሰጠዋለን።»

«ዐሥር እርምጃ?» አለ።
«ዐሥር» አልነው።
«አምስት ቢሆንስ?»
«አምስትም።»
አብርሃም ስለ ሰዶም እንደተከራከረው
ቁጥሩን እያወረደ፣ እያለሳለሰው፣
«አንድስ?» አለ በመጨረሻ፤ «አንዲት እርምጃ ብትቀር?»

ናርዶስ መልስ አልሰጠችም።
ሻሿን ፈታችና
ጸጉሯን በመዳፏ ዳበሰች፣ ዝም ብላ፣
ሰው እንደሚያስተኛ፣ ከላይ ወደ ኋላ።

ያኔ እስክሪብቶውን ከእጄ ላይ ወሰደ፤
ከስማችን በታች ጎንበስ ብሎ ወረደ።
ፊርማው ከሁላችን ፊርማ ያነሰች ነበረች፣
ግን ነበረች።

እነሱ ሲተኙ እኔ ጣራው ላይ ወጣሁ።
ልብስ ያልተነሳበት ገመድ ስር ተቀመጥሁ።
ከለገሃር መብራት ወዲያ፣ ከሜክሲኮም ወዲያ፣
በሬው አይታይም፤ ጨለማ ብቻ ነው እዚያ።
የእጅ ሰዓቴን ፈትቼ ዐሥር ደቂቃ አስቀደምኩት፤
ለጥላዬ ግን አልነገርኩት።